«የመብራቱ ኮምፒውተር ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

ጅማ ውስጥ መኪና የምታሽከረክሩ ሁሉ፣ በተለይም ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ መኪና ያላችሁ፣ ተጠንቀቁ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው የአምፖል ምልክት ስለበራ ብቻ ኮምፒውተር ቀይሩ የሚል ጋራዥ ከተማችን ውስጥ አለ። ታላቅ እህቴ ላይ የደረሰውን ከቅርብ ስለማውቀው ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የግራው የፍሬን መብራት ተቃጥሏል ተባለች። «ዘመናዊው ይሻልሻል» ብለው ሁለቱንም የኋላ አምፖሎች በኤልኢዲ ቀየሩላት። ምልክቱ አልጠፋም። ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚስብ ትንሽ ዕቃ) ጨመሩላት፤ ያ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሠራ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ መቀየር አለበት ብለው 38,000 ብር ጠየቋት፤ ግማሹንም በቀብድ ተቀበሏት።

አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። ኮምፒውተር የሚሉት የመብራት መቆጣጠሪያ ሳጥን መብራቱን አያይም፤ ወደ አምፖሉ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መጠን ነው የሚለካው። 21 ዋት የሆነ የፍሬን አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ያህል ይስባል። ኤልኢዲ የሚስበው ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ መቆጣጠሪያው አምፖሉ እንደተቃጠለ ይቆጥረዋል። ይህ ኮምፒውተሩ በትክክል እየሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ነው! ሬዚስተሩም የጎደለውን ጭነት በሙቀት ነው የሚያሟላው፤ 6 ኦም የሆነው 24 ዋት ያህል ያቃጥላል። እህቴ መኪና ላይ ከፕላስቲኩ ጋር አጣብቀው ነበር ያሰሩት። ስንፈታው የሽቦው ልባስ ቀልጦ አገኘነው።

ሌላ ኤሌክትሪሲስት ዘንድ ስንሄድ ሰውየው የምርመራ ኮምፒውተር ከመሰካቱ በፊት ፍሬን እንድትረግጥ አደረጋት። ፍሬን ስትረግጥ የግራው ፍሬቻ አብሮ ደብዘዝ ብሎ በራ። «ማሳ የለውም» አለ ወዲያው። ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ይህን መመለሻ ሲያጣ በጎረቤት አምፖል በኩል ይዞራል። የመብራቱን ቤት ሲከፍተው የጎማው ማሸጊያ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቷል፤ የማሳው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ ምን ይገርማል? ጠርጎ፣ ጫፉን ቀይሮ፣ የድሮዎቹን አምፖሎች መለሰ። «ተቃጥሏል» የተባለው የግራው አምፖል ያለምንም ችግር በራ። ምልክቱም ጠፋ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዓይናችሁ እያየ ይመርመር። የግራውና የቀኙ አምፖል ቦታ ይቀያየር፦ ችግሩ ከአምፖሉ ጋር ከሄደ አምፖሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ መያዣው ወይም ሽቦው ነው። መብራቱ በርቶ ከማሳው ጫፍ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ በቴስተር ይለካ፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። የአምፖሉም ዓይነት ይታይ፤ ባለ ሁለት ክር የሆነውን 21/5 ዋት ባለ አንድ ክር ቦታ አስገድዶ የሚሰካ አለ። የምርመራው ኮምፒውተር የሚያወጣው ኮድ መስመሩን ነው የሚጠቁመው፤ «መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ተቃጠለ» ማለት አይደለም። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ ችግሩ ከተስተካከለም በኋላ ፍሬን ካልተረገጠ ምልክቱ አይጠፋም። ከሌላ መኪና የተነቀለ ሳጥን ቢገጠምላችሁም ብዙውን ጊዜ ለመኪናችሁ በኮምፒውተር ካልተስተካከለ አይሠራም፤ ያም ሌላ ወጪ ነው።

የአጋሮን መንገድ በምሽት የሚያውቅ ሰው የፍሬን መብራት ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። ከኋላችሁ ቡና የጫነ መኪና ይመጣል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። የእህቴ ቀብድ እስካሁን አልተመለሰም፤ አቤቱታዋን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እያዘጋጀች ነው። ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እናቅርበው።