ዲጂታል መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት፦ የኪንድል፣ የአዶቤ፣ የኤልሲፒ እና ያልተቆለፉ መጻሕፍት ንጽጽር

ዲጂታል መጽሐፍ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋን ነው። ይሁን እንጂ አንድ መጽሐፍ በአራት መደብሮች በተመሳሳይ ዋጋ ሲሸጥ ገዢው የሚያገኘው መብት አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል። በስንት መሣሪያ ማንበብ እንደሚቻል፣ ከውስጡ ምን ያህል ጽሑፍ ቀድቶ ማውጣት እንደሚፈቀድ፣ ማተም ይቻል እንደሆነና ንባቡ መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው መደብሩ የሚጠቀምበት የመብት መቆጣጠሪያ ሥርዓት፣ በተለምዶ ዲአርኤም የሚባለው ነው። እኔ ከዋጋው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት የምለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለገዢው የተፈቀደውና የተከለከለው ነገር የተጻፈው የት ነው? ሻጩ ሱቁን ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም ስልክ ሲቀየር መጽሐፉ መከፈት አለመከፈቱ የሚወሰነው በዚህ ነውና።

የመብት መግለጫን ከሥራው ጋር አያይዞ መላክ ከዲጂታል መጻሕፍት በፊት የነበረ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ዲጂታል የድምፅ መቅጃዎች ቅጂን የሚገድብ ሥርዓት እንዲኖራቸው ሲያስገድድ፣ ከድምፁ ጋር የሚጓዙ ጥቂት ቢቶች (እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 የሆኑ ምልክቶች) ለመቅጃው «እንደፈለግህ ቅዳ»፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ቅዳ» ወይም «አትቅዳ» ይሉት ነበር። ኋላም ሂታቺ፣ ኢንቴል፣ ማትሱሺታ፣ ሶኒና ቶሺባ በጋራ ባወጡትና ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚተላለፍን ይዘት በሚጠብቀው ዲቲሲፒ በተባለ ሥርዓት በሁለት ቢቶች አራት ደረጃዎች ይገለጹ ጀመር፤ ቢቶቹም ከምስጠራው ቁልፍ ጋር ስለተቆራኙ፣ መሐል ላይ የነካካቸው ሰው ይዘቱን መፍታት አይችልም። ለፍጥነትና ለቁጠባ ከዚህ የተሻለ መንገድ ማሰብ ያስቸግራል። ነገር ግን ሁለት ቢቶች «ለዚህ አንባቢ፣ እስከዚህ ቀን፣ ከዚህ የማይበልጥ ገጽ እንዲያትም ተፈቅዷል» ማለት አይችሉም። መጽሐፍ ሻጮችና ቤተ መጻሕፍት ግን ይህን ማለት ስለሚፈልጉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መፍትሔ ፈለጉ።

ኪንድል

ኪንድል የአማዞን የንባብ መሣሪያና የዲጂታል መጽሐፍ አገልግሎት ነው፤ በእርሱ የገዢው መብት የሚኖረው በዋናነት በአማዞን አካውንቱ ውስጥ ነው። የተቆለፈው ፋይል የሚከፈተው በዚያ አካውንት በተመዘገበ መሣሪያ ወይም መተግበሪያ ብቻ ሲሆን፣ ፋይሉ ራሱ ለገዢው ስለ መብቱ የሚነግረው ነገር የለም። አሠራሩ ለአንባቢ ቀላል ነው፤ መጽሐፉ በስልክም ሆነ በኪንድል ካቆሙበት ገጽ ይከፈታል፣ የሚሞላ ቅጽም ሆነ ተጨማሪ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። አንድ ጊዜ የወረደ መጽሐፍም ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

ክብደቱ የሚታየው ሻጩ ሐሳቡን ሲቀይር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ኪንድል ሲወጣ የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር ተቃወመ፤ አማዞንም አሳታሚዎች ይህን አገልግሎት በየመጽሐፉ እንዲያጠፉ ፈቀደ። አንዲት የ«አዎ» ወይም የ«አይ» ምልክት ለዓይነ ስውር አንባቢ መጽሐፉን ትከፍትለታለች ወይም ትዘጋበታለች ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ኩባንያው የመሸጥ መብት ባልነበረው ወገን የቀረቡ ሁለት ታዋቂ ልብ ወለዶችን ከገዢዎች መሣሪያ ላይ ከርቀት አጠፋ፤ ገንዘቡን ቢመልስም የሆነው ነገር መብቱ በማን እጅ እንደነበር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 26 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ መጽሐፍን ከድረ ገጹ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በኬብል ወደ ኪንድል ማስተላለፍ ቀርቷል።

አዶቤ

ከኪንድል ውጭ ያሉ ብዙ መደብሮችና ቤተ መጻሕፍት የሶፍትዌር ኩባንያውን የአዶቤን ሥርዓት ይጠቀማሉ። ገዢዎች በጣም የሚደናገሩበትም እዚህ ላይ ስለሆነ ሂደቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ገንዘብ ከፍለው የሚያወርዱት ፋይል ስሙ «ኤሲኤስኤም» በሚሉት ፊደላት የሚያልቅና ጥቂት ኪሎባይት ብቻ የሚመዝን ከሆነ፣ መጽሐፉ ገና እጅዎ አልገባም፤ ያ ፋይል እንደ መጋዘን ዕቃ ማውጫ ወረቀት ነው። አዶቤ ዲጂታል ኤዲሽንስ በተባለው ፕሮግራም ሲከፈት ከሻጩ ሰርቨር ጋር ይገናኝና ትክክለኛውን መጽሐፍ ያወርዳል፤ የመብት መግለጫውም በዚያን ጊዜ በመጽሐፉ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። አንባቢው በፕሮግራሙ የመጽሐፉን መረጃ ሲከፍት ስንት ገጽ ማተምና ምን ያህል መቅዳት እንደተፈቀደለት በጽሑፍ ያያል፤ ይህ ከኪንድል የሚሻልበት ነጥብ ነው።

ሆኖም መግለጫው በፋይሉ ውስጥ ቢሆንም ቁልፉ ያለው ከአዶቤ መለያ ጋር ነው። አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው መጽሐፉን ኮፒ አድርጎ መውሰድ ቢችልም በአዶቤ ሰርቨር ካላስፈቀደው አይከፈትለትም፤ የመሣሪያዎቹም ቁጥር የተገደበ ስለሆነ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር ሳያሰርዝ የጣለ ሰው ቦታው ሊሞላበት ይችላል። የግላዊነት ጥያቄም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የፕሮግራሙ አራተኛ ዕትም የተጠቃሚዎችን የንባብ መረጃ ሳይመሰጥር ወደ ኩባንያው እንደሚልክ ተደርሶበት በማሻሻያ እንዲመሰጠር ተደርጓል።

ኤልሲፒ

ኤልሲፒ የተሠራው የዲጂታል ንባብ ሶፍትዌር በጋራ በሚያዘጋጀው በሪዲየም ማኅበረሰብ ሲሆን የሚያስተዳድረው መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው ኢዲአርላብ የተባለ ድርጅት ነው፤ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም የቴክኒክ ሰነድ ሆኖ ታትሟል። ከሦስቱ የተቆለፉ ሥርዓቶች የመብትን መልእክት በቁጠባና በግልጽ በማስተላለፍ ብልጫ ያለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱንም ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ።

በኤልሲፒ እያንዳንዱ ገዢ ከመጽሐፉ ጋር አንድ አጭር የፈቃድ ሰነድ ይደርሰዋል። ሰነዱ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቶ ማየት ይቻላል። ማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደተሰጠ፣ ስንት ገጽ ማተም፣ ስንት ፊደል ቀድቶ ማውጣት እንደሚቻል፣ ንባቡ ከመቼ እስከ መቼ እንደተፈቀደ በየስሙ ሰፍሯል። የማተም ገደብ ካልተጻፈ ገደብ የለም ማለት ነው። ሰነዱ በዲጂታል ፊርማ ስለተዘጋ ማንም ሰው ቀኑን ወይም ቁጥሩን ቢለውጥ የማንበቢያ ፕሮግራሙ ፊርማውን አይቶ ፈቃዱን አይቀበልም፤ ቀደም ብለን በሁለቱ ቢቶች ላይ ያየነው ጥበቃ ለብዙ ዝርዝሮች በሚበቃ መልኩ ተሠራ ማለት ነው።

ቁጠባው በተለይ በብድር ላይ ይታያል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰ ሰው ቀኑ ሲያልቅ ማራዘም ቢፈልግና ቢፈቀድለት፣ የሚለወጠው አጭሩ ሰነድ ብቻ ነው፤ ብዙ ሜጋባይት ሊሆን የሚችለው መጽሐፍ እንደገና አይወርድም። ኢንተርኔት በየጊዜው በሚቋረጥበት ወይም የዳታ ዋጋ በሚከብድበት አካባቢ ላለ አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጽሐፉን ለመክፈትም ገዢው የሚያስፈልገው የይለፍ ሐረግ ሲሆን፣ በአንድ መሣሪያ ላይ አንዴ ካስገባው በኋላ ፕሮግራሙ በሰነዱ ላይ ያለውን ቀን እያየ ያለ ኢንተርኔት ይከፍታል። የአንድ ኩባንያ አካውንት መክፈት ግዴታ አይደለም።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ኪንድል ኤልሲፒን አያነብም። በኮምፒውተር ላይ ቶሪየም የተባለው ነፃ ፕሮግራም ጥሩ አማራጭ ነው፤ አንዳንድ የንባብ መሣሪያዎችም ይቀበሉታል። ነገር ግን ሥርዓቱ የተስፋፋው በተለይ በፈረንሳይና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች፣ እንዲሁም በካናዳ ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ የሚፈልጉትን መጽሐፍ በኤልሲፒ የሚሸጥ መደብር ላያገኙ ይችላሉ። የይለፍ ሐረጉን የረሳ ገዢም ወደ ሻጩ መመለስ አለበት።

ያልተቆለፉ መጻሕፍት

አንዳንድ አሳታሚዎች ቁልፉን ትተው የገዢውን ስም፣ ኢሜይል ወይም የሽያጭ ቁጥር በመጽሐፉ ገጾች ላይ ወይም በፋይሉ ውስጥ ተደብቆ እንዲጻፍ ያደርጋሉ። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ የታወቀው የአሜሪካው ቶር እ.ኤ.አ. በ2012 መጻሕፍቱን ያለ ቁልፍ ለመሸጥ ወስኗል፤ በጀርመንም በ2015 ትልልቅ አሳታሚዎች ከቁልፍ ወደ ምልክት ዞረዋል። እዚህ መብቱን የሚያስፈጽም መሣሪያ የለም፤ ገደቡ በሕግና በገዢው ኅሊና ላይ ያርፋል። መጽሐፉ በማንኛውም መሣሪያ ይከፈታል፣ መጠባበቂያ ኮፒም ይወጣለታል። ስምዎ የተጻፈበትን ፋይል ለሌላ ሰው ካሳለፉት ግን ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

ለማን የትኛው?

የሻጭ መዘጋት የሩቅ ስጋት የሚመስለው ካለ የማይክሮሶፍትን የዲጂታል መጽሐፍ መደብር ያስታውስ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 መደብሩን ሲዘጋ የተገዙት መጻሕፍት ሁሉ መከፈት አቆሙ፤ ገንዘቡ ተመለሰ፣ በገጾቹ ላይ ማስታወሻ ለጻፉ ሰዎችም 25 ዶላር ተጨመረ፤ መጻሕፍቱ ግን ለገዢዎቹ አልቀሩላቸውም።

ስለዚህ ለዓመታት የሚያቆዩትን መጽሐፍ፣ ለምሳሌ መዝገበ ቃላት፣ የሙያ ማጣቀሻ ወይም ለልጆች የሚቀር ሥራ፣ ያልተቆለፈው ካለ ትንሽ ቢወደድም እርሱን ይግዙ። ከቤተ መጻሕፍት የሚዋስና የሚመርጠው ያለው ሰው ኤልሲፒን ይምረጥ። ኪንድል አስቀድሞ ያለውና አንዴ አንብቦ የሚተወውን ልብ ወለድ የሚፈልግ ሰው በኪንድል ቢገዛ የሚጎዳው ነገር ጥቂት ነው። ከጽሑፉ እየጠቀሰ የሚሠራ ተማሪ ወይም ተመራማሪ በአዶቤም ሆነ በኤልሲፒ የመቅዳቱን ገደብ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ብዙ ሻጮች ይህን በመሸጫው ገጽ ላይ አያስቀምጡትም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከአውሮፓ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ ሰው የአዶቤ መጻሕፍት ካሉት አዲሱን መሣሪያ ከመነሳቱ በፊት ያስፈቅድ፣ የኤልሲፒ መጻሕፍቱንም አንድ በአንድ ከፍቶ የይለፍ ሐረጉን ያስገባ።

በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው ሕግ ሻጮች ዲጂታል ዕቃ ሲሸጡ ለገዢው የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ለዘለቄታው ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ዕቃን ግን አይመለከትም። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ የአሜሪካ መደብሮች የክፍያ ገጽ ላይ አጭር ማሳሰቢያ ይታያል። ማሳሰቢያውን ያየ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ፈቃዱ በየትኛው ሥርዓት እንደሚሰጥ ለሻጩ ይጻፍ፤ መልስ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠመው ያንኑ መጽሐፍ ከሌላ መደብር ይፈልግ።