ቱሉ ዲምቱ የሚሸጠው የብልጭታ መልእክት ኪት፦ ለሳይንስ ክበብ ይሆናል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ካሉት ሱቆች አንዱ የዲሽ ሪሲቨርና የሪሞት ጥገና ቤት ነው። ባለሱቁ ከጥገናው ጎን ራሱ የሚገጣጥመውን ኪት በ4,200 ብር ይሸጣል። ሁለት ቦርድ ነው፤ አንዱ የአማርኛ ቃል በብልጭታ ይልካል፣ ሌላው ተቀብሎ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ገዝቼው አንድ ሙሉ መንፈቅ ሠርተንበታል።

ላኪው ቦርድ የኢንፍራሬድ ብልጭታ ይተፋል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ብልጭታዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው። በነጥብና በሰረዝ በሚጻፈው የቴሌግራፍ ኮድ፣ በሞርስ ላይ፣ ሰረዙ ከነጥቡ ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ እዚህ እንዲያ ያለ ነገር የለም። መልእክቱን የሚሸከመው ከአንዱ ብልጭታ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ነው። ባለሱቁ ሐሳቡን ያገኘው ከሙያው ነው። «ቲቸር፣ የስልክዎን የፊት ካሜራ ይክፈቱ» ብሎ የዲሽ ሪሞት ሲጫንበት ዓይን የማያየው ብርሃን ሐምራዊ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ተርገበገበ። ብዙዎቹ ሪሞቶች በሚከተሉት የኤንኢሲ አሠራር እያንዳንዱ ምት ወደ 0.56 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከኋላው ያለው ክፍተት ያንኑ ያህል ከሆነ 0፣ ሦስት እጥፍ ከሆነ 1 ይባላል።

ባለሱቁ ግን 0 እና 1 ላይ አልቆመም። የፊደል ገበታውን እንዳለ ወስዶታል። ለአንድ ፊደል ሁለት ክፍተት ይበቃል፤ የመጀመሪያው ከ33ቱ ረድፍ የትኛው እንደሆነ፣ ሁለተኛው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። አንዱ እርምጃ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። «ሰላም» ብለን እንውሰድ። ሰ 7ኛ ረድፍ ግዕዝ፣ ላ 2ኛ ረድፍ ራብዕ፣ ም 4ኛ ረድፍ ሳድስ። ክፍተቶቹ 70፣ 10፣ 20፣ 40፣ 40፣ 60 ይሆናሉ፤ ሰባት ብልጭታ፣ በድምሩ 240 ሚሊ ሰከንድ። የሩብ ሰከንድ ያህል እንኳ አይሞላም! ሀ ሁ ሂን የቆጠረ ልጅ ሁሉ ኮዱን ቀድሞውኑ ያውቀዋል፤ በጣም የወደድኩለት ይሄን ነው። የ እና ደ በብዛት እያስፈለጉ 23ኛና 24ኛ ላይ መቀመጣቸው ጊዜ ይበላል፤ ሞርስ በእንግሊዝኛ በብዛት ለምትመጣው ለE አንድ ነጥብ ብቻ የሰጣት ይህን ጊዜ ለማዳን ነው። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ባይነካ ይሻላል ባይ ነኝ።

ችግር ገጥሞናል። መጀመሪያ የሰጠን ተቀባይ «ፋሲካ» ሲላክለት «ፓሲካ» እያለ ይጽፍ ነበር። ሌላው ፊደል ደህና ነው፤ የሚስተው ገበታው ግርጌ ላይ ያሉትን ነው። ቺፑ የሚቆጥረው በውስጡ ባለው ርካሽ ሰዓት ስለነበር 2 በመቶ ይፈጥናል። 70 ወደ 71.4 ቢሄድ ያው ሰ ነው፤ 320 ግን 326.4 ሲሆን ወደ 330 ይጠጋና ፈ ፐ ይሆናል። መልሼ ወሰድኩለት። አልተከራከረም፤ እዚያው ቆሜ ጊዜን በትክክል የሚያስቆጥር 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታልና ሁለት ትንንሽ ካፓሲተር በየደልኝ፣ ላፕቶፑን ሰክቶ ቺፑ ከክሪስታሉ እንዲቆጥር አስተካከለ፣ ሳንቲም አልጠየቀም። ስትገዙ ተቀባዩ ላይ ክሪስታል መኖሩን እዩ፤ ብርማ ሞላላ ቆርቆሮ ናት።

ሁለተኛው ድክመት ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። አንድ ብልጭታ በእጅ ከተጋረደ ሁለት ክፍተቶች ይዋሃዳሉ። የ«ሰላም» ሁለተኛ ብልጭታ ሲጠፋ 70 እና 10 ተደምረው 80 ይሆኑና ስክሪኑ «ሹማ» ብሎ አንድ ክፍተት ይተርፈዋል። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ የጥያቄ ምልክት ያወጣል፤ ሁለት ብልጭታ ከጠፋ ግን ላያውቀው ይችላል። የፀሐይ ብርሃንም ብልጭታውን ሊውጠው ስለሚችል፣ የቀትር ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አትሞክሩት።

ቦርዱ ላይ እርምጃውን ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ የሚያዘገይ ማብሪያ አለ፤ ያኔ ብልጭታው በትንሽ ድምፅ ማውጫ «ጭጭ» ይላል። ድምፁን ስልክ ላይ ቀድተን፣ የሞገዱን ምስል ወረቀት ላይ አትመን፣ ልጆቹ በማስመሪያ ክፍተቱን እየለኩ አነበቡት። አንዷ ተማሪዬ ሁለት ቃል ካወጣች በኋላ ስክሪኑን በደብተር ሸፍናው መለካቷን ቀጠለች። ለዚህ ሰዓት ስል ብሩ አይቆጨኝም።

የጎደለው ቋ፣ ሏ፣ ጓ ናቸው። ገበታው ሰባት ዓምድ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ «ቋንቋ»ን «ቁዋንቁዋ» ብለው ለመላክ ተገደዋል፤ በአማርኛ ለሚሠራ ዕቃ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ስምንተኛ ዓምድ ቢጨመር ክፍተቱ 80 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የሚነካው ፕሮግራሙን እንጂ ቦርዱን አይደለም። ነግሬዋለሁ፤ በሚቀጥለው እሠራዋለሁ ብሏል። ባትሪ ድንጋይ አብሮ አይሰጥም፣ ይዛችሁ ሂዱ።