ዲቲ ወይስ ሲጂ? አሮጌ ሞተር ለጎንደር ዳገት

አሮጌ ሞተር ገዝቶ የከተማ ሞተር አድርጎ ማሠራት ላማረው ጎንደሬ እኔ የማስበው ሁለት መነሻ ነው፦ ያማሃ ዲቲ 125 እና ሆንዳ ሲጂ 125።

ዲቲ ባለ ሁለት ምት ነው፣ ማለትም ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ነዳጅ ያቀጣጥላል፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣም ቁጡ። ግን ከቤንዚኑ ጋር ዘይት ያቃጥላል፣ ጭሱን ጎረቤት አይወድለትም። ችግሩ ቁመቱ ነው። ለኮረኮንች የተሠራ ስለሆነ የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ ሾኩ ረጅም ነው። ለአስፋልት ዝቅ ላድርገው ያለ ሰው ሪምም ሾክም ይቀይራል፤ ብሩ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ሲጂ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ ብዙ ጥገና በማያገኝበት አገር እንዲሠራ ታስቦ ነው። ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች ናቸው፤ የቫልቭ መክፈቻውን ካም የሚያዞር፣ እየቆየ የሚላላ ሰንሰለት የለውም። ቻይናዎች ሞተሩን ስለቀዱት ዕቃው አያስቸግርም። መቀመጫውን ማሳጠር፣ ፓራፋንጎውን መቁረጥ፣ መሪውን ዝቅ ማድረግ፣ በቃ። መልኩ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ዲቲን አያክልም።

በጎንደር 2,100 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሁለቱም ከጉልበታቸው አንድ አምስተኛ ያህል ያጣሉ፤ የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ (ጄት) ቁጥሩ አነስ ባለ መቀየር ካንዴላውን ከመጥቆር ያድናል።

እኔ ሲጂን እመርጣለሁ። የትኛውንም ብትይዙ በያጁ የሻንሲ ቁጥሩን (አካሉ ብረት ላይ የተቀረጸውን) እንዳይነካ ቁሙበት፤ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ይቀራል።