ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፦ የታሚያ ኮምፓውንድ ቮልስ ላይ ሲሞከር

የጃፓኑ የሞዴል አምራች ታሚያ ለሞዴል መኪና የሚሆን ማበሪያ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ቀለም ተፈትጎ የሚያበራበት ቅባት፣ በሦስት ዓይነት ይሸጣል። ባለቀይ ክዳኑ ሻካራው ነው። ባለሰማያዊው ደቃቅ፣ ባለነጩ ደግሞ የመጨረሻው ማሳረጊያ። ቱቦዎቹ 22 ሚሊ ሊትር ናቸው፤ ትንሽ ይመስላሉ እንጂ አንዷ ብዙ መኪና ትሠራለች። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሰማያዊውን ዓይናችሁን ሳታሹ ግዙ። ቀዩንም ግዙ። ነጩን ግን ጠቆር ያለ መኪና ካልሠራችሁ ተዉት።

እንጀራዬ ማለስለስና ማብራት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምውለው። ማታ ማታ ደግሞ የፕላስቲክ መኪና እገጣጥማለሁ። ባለቤቴ «ቀኑን ሙሉ ስትፈትግ ውለህ ማታም?» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

አሁን የጨረስኩት የታሚያን 1/24 ቮልስዋገን ቢትል ነው፤ በፈረንጆቹ የ1966 ሞዴሉን። ለአዲስ አበባ ልጅ ስለ ቮልስ ማስረዳት አያስፈልግም። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣውም ቮልስ ነበር። የእኔው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ድሮ አገር ቤት የነዱት እንደዚያ ስለነበር በእሳቸው ትእዛዝ ነው የቀባሁት።

ከስፕሬይ የወጣ ቀለም ሲደርቅ ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ትልቅ መኪና ላይ ሰው ልብ ላይለው ይችላል። መኪናው 24 ጊዜ ሲያንስ ግን ጉብታው አብሮ አያንስም፤ ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህን ኮምፓውንድ ብቻውን አያስተካክለውም። ብዙ ሰው «ፈትጌ ፈትጌ ምንም አልመጣም» የሚለው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ላዩ መስተካከል አለበት።

ለዚህ ማይክሮ ሜሽ የሚባለውን መፈተጊያ ጨርቅ እመርጣለሁ። መጀመሪያ የወጣው የተጫረ የአውሮፕላን መስኮት ለማጥራት ነው። ከ1500 እስከ 12000 ዘጠኝ ደረጃ አለው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይልማል። ቁጥሩ እንዳያታልላችሁ፦ የማይክሮ ሜሽ 1500 ከተራው 1500 ብርጭቆ ወረቀት በጣም ይሻክራል። እኔ ቀለም ላይ ከ3200 በታች አልወርድም። ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጌ፣ ጨርቁን እያረጠብኩ፣ እጄን ሳልጫን እሄዳለሁ። አጥቤ ሳደርቀው ላዩ በሙሉ ድንግዝግዝ ማለት አለበት። መሃል ላይ ብልጭ የምትል ነጥብ ካለች እዚያ ገና ጉድጓድ አለ ማለት ነው።

የቮልስ ጣጣው ጠርዙ ነው። የፊት ኮፈኑ መሃል ለመሃል ሽንተረር አለው። ከበሩ በላይ ቀጭን የዝናብ አሸንዳ ይሄዳል። ፓራፋንጎው ሁሉ ጎበጥ ያለ ነው። ቀለም ደግሞ ከሹል ጠርዝ ላይ ይሸሻል፤ እዚያ ሁልጊዜ ስስ ነው። አንድ ሁለቴ ካለፋችሁበት ከቀለሙ በፊት የተቀባው ፕራይመር ከሥር ብቅ ይላል። ስለዚህ ሽንተረሩንና አሸንዳውን በቀጭን ማስኪንግ ቴፕ ሸፍኑና ሰፊ ሰፊውን ሥሩ። ቴፑን ካነሣችሁ በኋላ ጠርዙን በሰማያዊው ኮምፓውንድ ዳበስ ማድረግ ይበቃል።

ኮምፓውንዱን ባረጀ የጥጥ ካናቴራ ቁራጭ ነው የምቀባው። ለየቱቦው የየራሱ ቁራጭ፤ የቀዩ ቅንጣት ከሰማያዊው ጋር ከተቀላቀለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ማሽን አያስፈልግም። ላብራቶሪም ውስጥ ማሽን ስንይዝ የምንፈራው ሙቀትን ነው፤ ፕላስቲክም ቀለምም ሙቀት አይወዱም። ጣት ይበቃል። ቀዩ ድንግዝግዙን ቶሎ ይገፈዋል፣ ግን ስስ ጭረት ይተዋል። ሰማያዊው ነው ሥራውን የሚሠራው። ኮፈኑ ላይ የጣሪያው መብራት ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታያችሁ ደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ ነጩን ግማሹ ኮፈን ላይ ብቻ ሞከርኩት፤ በዚህ ፈዛዛ ቀለም ላይ ልዩነቱን መለየት አቃተኝ። ጥቁር ላይ ግን ሌላ ነው። እዚያ ፀጉር የምታህል ጭረት ሁሉ ስለምትጋለጥ ነጩ ዋጋውን ያወጣል።

የማልወድለት ነገር በበሩና በኮፈኑ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ መድረቁ ነው። ይህ የኮምፓውንድ ሁሉ ጠባይ ነው። ሳይደርቅ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ይለቃል።

ሁለት ነገር በችኮላ። ቀለሙ አፍንጫችሁ ሲጠጋ ከሸተተ አልደረቀም፣ አትንኩት። ሜታሊክ ቀለም ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከላዩ ክሊር (ቀለም አልባው ማሳረጊያ) ይረጭና የሚፈተገው ክሊሩ ነው።

ጋሼ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «አንተ፣ የእኔ እኮ እንዲህ አብርቶ አያውቅም። ትንሽ አቧራ ጣል አድርግበት» አሉኝ።

አገር ቤት ሆናችሁ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ማስላክ ለምትፈልጉ፦ ቱቦዎቹና ጨርቁ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ያልፋሉ። ስፕሬይ ቀለም ግን በእጅም በሻንጣም አይሄድም፣ መንገደኛውን አታስቸግሩ። እዚያው የመኪና ስፕሬይ ገዝታችሁ መሥራት ይቻላል። ባዶ ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ ከረጫችሁት ግን ፕላስቲኩን ሊበላው ስለሚችል ፕራይመር ይቅደም፤ እሱንም ስስ ስስ እያደረጋችሁ።