ከጎንደር ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ፦ ለአስጎብኚያችንና ለሹፌራችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም የጎንደር ልጆች፤ ሰላም ወደ ጎንደር ለመምጣት ሻንጣ የምታዘጋጁም ሁሉ። ይህን የምንጽፈው አንድ አስጎብኚና አንድ ሹፌር ለማመስገን ነው። «ስማችን በአደባባይ አይውጣ» ስላሉ አንጠራቸውም፤ ሥራቸውን ግን ሳንናገር አናልፍም። ለሠርግ ወይም ለጥምቀት የመጣ ዘመድ «እስኪ ፏፏቴውን አሳዩን» ሲላችሁ ማንን እንጥራ እያላችሁ ለምትጨነቁ ይጠቅማችኋል።

አስጎብኚያችንን ከምንም በላይ የምናመሰግነው እምቢ ባለው ነገር ነው። እንግዶቹ የፈለጉት ፋሲል ግቢን፣ ጢስ ዓባይንና የጣና ገዳማትን በአንድ ቀን ነበር። ለዚህ ጥያቄ «ምን ችግር አለው፣ ይደረሳል» የሚል ሰው ከተማችን ውስጥ አይጠፋም። እሱ ግን እስክሪብቶ አውጥቶ ደመረላቸው። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ሰዓት። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ሰው፣ ከብትና ባጃጅ ስለሚበዛበት አንድ ሰዓት ይያዝለት። የእግሩ መንገድ ሁለት ሰዓት። መመለሻው ሌላ አራት። ቁርስና ምሳ ሳይገባበት 10 ሰዓት ሞላ። ገዳማቱ ያሉበትን ዘጌን እንጨምር ቢባል የጀልባው መሄጃና መመለሻ ብቻ ሁለት ሰዓት ይበላል፤ ያኔ ወደ ጎንደር የሚገባው በጨለማ ነው። በጨለማ ደግሞ እሱም ሹፌሩም አይጓዙም፤ ለምነን አይተናል፣ አይሆንም። ገዳማቱ ቀሩ።

ፋሲል ግቢ ወደ ዋዜማው ከሰዓት በኋላ ተዛወረ። በዚህ ጉዳይ የሱ ሕግ ጥብቅ ነው፦ ቤተ መንግሥት የሚታየው ባልደከመ እግር ነው። ግቢው 900 ሜትር በሚሆን ቅጥር የታጠረ፣ 12 በር ያለው ነው፤ በወጉ ለማየት ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። እሱ ሲያስጎበኝ የነገሥታቱን ስም ብቻ አያነበንብም። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያውን እንዴት እንዳጣ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት ሲደበድቡ ምን እንደፈረሰ፣ ጣሊያኖች በሲሚንቶ የጠገኑት ቦታ በኋላ ለምን ተፍቆ በኖራ እንደተተካ ግድግዳው ላይ እያመለከተ ያሳያል። ሲሚንቶ እርጥበት አምቆ ይይዛል፤ ኖራ ግን ይተነፍሳል። ይህን አንዴ የሰማ እንግዳ ከዚያ በኋላ የሚያየውን ግድግዳ ሁሉ ጠጋ ብሎ ነው የሚያየው። የግቢውን ቲኬት እንዳትጥሉት፤ የፋሲል መዋኛ ስትሄዱ ይጠየቃል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከጨመራችሁ በምሳ ሰዓት በሩ ሊዘጋ እንደሚችል አስቡ፤ ጫማ ይወልቃል፣ ውስጥ በፍላሽ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

አሁን ወደ ውኃው። ስለ ጢስ ዓባይ እውነቱን ቀድሞ የሚናገር አስጎብኚ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ እውነቱን የተናገረ ደንበኛ ያጣል። ፌስቡክ ላይ የሚዞረው ፎቶ፣ ገደሉን ሞልቶ ቡናማ ሆኖ የሚወርደው፣ የክረምትና የመስከረም ፎቶ ነው። ያኔ ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ስፋቱም 400 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በየካቲት የሄደ ሰው የሚያገኘው በዚያው ገደል ጥግ የምትወርድ ቀጭን ውኃ ነው። የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራ ጨራ የውኃውን መጠን የሚቆጣጠር ግድብ አለ። ፏፏቴው አጠገብ ያሉት የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ሲሠሩ ውኃውን ከገደሉ በላይ ይጠልፉታል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ከሐይቁ ወስዶ በዋሻ ወደ በለስ ይልከዋል። ስለዚህ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ከሆነ «ኑ» ይላል። ኅዳርን «እንደ ዓመቱ» ይላል። ከጥር እስከ ግንቦት የደወለለትን ሰው ወደ ሰሜን ያዞረዋል፦ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ወደ ስሜን ተራሮች። እዚያም ቢሆን ጅንባር ፏፏቴ በበጋ እንደሚቀጥን አይደብቅም፤ ሰው የሚሄደው ለገደሉና ለጭላዳ ዝንጀሮው ነው።

የጉዞው ቀን መነሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ሹፌሩ ነዳጅ የሚቀዳው በዋዜማው ነው፤ ጠዋት ማደያ ሰልፍ ላይ የቆመ መኪና ቀኑን ሙሉ እንዳረፈደ ይውላል። ስኮርታ ጎማውን አውርዶ ነፋሱን ያያል፣ ክሪኩ መኖሩን ያረጋግጣል። አስጎብኚው በበኩሉ እንፍራዝና ወረታ ላሉ የመኪና ሰዎች ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳይጠይቅ ሞተር አይነሳም። ጥሩ ዜና ካልሰማ ጉዞውን ያስቀራል፤ ቀብዱንም ይመልሳል። ኬላ ላይ ስለሚፈተሽ መታወቂያ ያልያዘ ሰው እንዲሳፈር አይፈቅድም፤ ሙሽራ ቢሆንም።

ከዚያ በፊት ግን የጫማ ፍተሻ አለ። ሁሉንም መኪናው አጠገብ አቁሞ «እግራችሁን አንሱ፣ ሶላችሁን አሳዩኝ» ይላል። ለስላሳ ሶል ያለው ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ይቀይራል። እናቶች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከፏፏቴው በታች ባለው በአላታ ድልድይ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ይመርቁታል።

ቁርስ ምግብ ቤት አይበላም። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በፔርሙዝ ሻይ ተቋጥሮ እንፍራዝ ጉዛራ ግንብ ላይ ይበላል። ይህች ብቻዋን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታተርፋለች። ጉዛራ ከዋናው መንገድ በላይ ኮረብታ ላይ ነው፤ በዝግታ የሚወጣ ሰው 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሰማዩ ከጠራ ጣና ከላይ ይታያል። ግንቡን ዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) እንዳሠራው ይነገራል፤ እንደዚያ ከሆነ ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. ከመቆርቆሯ በፊት ቆሟል ማለት ነው። አስጎብኚያችን እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር ደስ ይላል። እንግዶቹን በድንጋዮቹ መሐል ያለውን ኖራ በእጃቸው ያስነካቸዋል፤ ቀጥሎ በግንቡ ዕድሜ ላይ አጥኚዎች እንደማይስማሙ፣ ኖራ በግንባታ የተስፋፋው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው የሚሉት ወገኖች ጉዛራ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው እንደሚሉ ይነግራቸዋል። የራሱን ወገን አይመርጥም። አፍ የሚያስከፍት ተረት ፈልጎ ለመጣ ሰው ይህ ደረቅ ሊሆንበት ይችላል፤ ለእኛ ግን የሚታመን ሰው ምልክቱ ይኸው ነው።

ከእንፍራዝ በኋላ አይቆምም። አዲስ ዘመን አካባቢ መንገድ ዳር ተገትሮ ለቆመው ድንጋይ ፎቶ የሚሆን ሁለት ደቂቃ፣ በቃ። የፎገራ ሜዳ በመስከረም የሩዝ ማሳው አረንጓዴ ነው፤ ክረምቱ ሲበረታ ግን ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት በዚያ ሰሞን ተጨማሪ ሰዓት ይያዝ። ባሕር ዳር የሚገባው 4 ሰዓት አልፎ ነው፤ ሳይቆም በቀጥታ ወደ ጢስ ዓባይ።

ጢስ ዓባይ ከተማ ቲኬት ተቆርጦ መንገዱ ሁለት ነው፦ በድልድዩ ዞሮ መውጣት ወይም ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ መሄድ። እሱ የሚያስኬደው በድልድዩ ገብቶ በጀልባ መውጣት ነው፤ ምክንያቱም ከባዱ ቁልቁለት ጉልበት ባልዛለበት ሰዓት ያልፋል። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ በአካባቢው ሰው የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው ነው። «ኖራው በእንቁላል የተቦካ ነው» የሚለውን ወሬ «ሰው እንዲህ ይላል» ብሎ ነው የሚነግራችሁ፤ አይጨምርበትም። ቁልቁለቱ ላይ እሱ ከታች ይቆማል፣ ልጆችንና አረጋውያንን ጎን ለጎን እያስወረደ። ፊት ለፊት የሚወርድ ሰው ጭቃው ላይ ተረከዙ ይከዳዋል፤ እግርን አግድም አድርጎ የሚወርድ አይንሸራተትም። ከድልድዩ በኋላ አቀበት አለ፤ እሱ ካለቀ ፏፏቴው ፊት ለፊት ነው። ተንጠልጣዩን ድልድይ ከተሻገራችሁ በኋላ ጢሱ ስለሚያረጥብ ስልክ በፌስታል ይጠቅለል።

ቀስተ ደመና ለማየት የቋመጣችሁ፣ ይህን ስሙ። የሚታየው ፀሐይ ከጀርባ ሆና ዝቅ ስትል ነው፤ ከጎንደር የተነሳ ሰው የሚደርሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። አስጎብኚያችን ቃል አይገባም፤ «ለሱ ከሆነ ባሕር ዳር እደሩና በማለዳ ሂዱ» ነው የሚለው።

ጀልባው ወንዙ በጣም ሲሞላ ይቆማል። ያኔ በመጡበት መመለስ ግድ ስለሆነ አንድ ሰዓት ይጨምራል፤ እሱም ይህን ቲኬት መቁረጫው ላይ አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ምሳውንም በዚያው ያሳጥራል። ሻሽና ጋቢ ይዘው የሚከተሉ ልጆች አሉ፤ የማትገዙ ከሆነ መጀመሪያውኑ በጨዋ ቋንቋ «አልገዛም» በሉ፣ «ስመለስ» ብላችሁ ተስፋ አትስጡ። ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አያድናችሁም።

ምሳ ባሕር ዳር ነው፤ ዓሣ። ረቡዕና ዓርብ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከየመኪናው አይጠፋም፤ እሱ ሳይገባበት ለጿሚ በየዓይነቱ፣ ለሌላው ጉላሽ ከጢስ ዓባይ ሆኖ በስልክ አዝዞ ይጠብቃችኋል። 9 ሰዓት ላይ ሹፌሩ መሪው ላይ ነው።

ስለ ሂሳብ። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አንጽፍም፤ ማንንም ብትይዙ ግን እነዚህን አስቀድማችሁ ለዩ፦ የመኪናው ኪራይ ከነነዳጁ ነው ወይስ ነዳጅ ለብቻ፣ የሹፌሩ አበል ውስጡ አለ ወይ፣ የጉዛራና የጢስ ዓባይ መግቢያ የማን ነው፣ ጀልባውስ፣ ጢስ ዓባይ ላይ የአካባቢው አስጎብኚ ከታከለ ማን ይከፍለዋል። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ በጀልባውና በዚህ በመጨረሻው ነው። የኛ ሰው ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፎ፣ አስፈርሞ፣ ኮፒውን ይሰጣል። ፈቃዱንም ሳይጠየቅ ያሳያል፤ እናንተም ሌላ ሰው ስትይዙ ጠይቁ።

ቅሬታ አለን፣ አንድ። ሃይ ሩፉ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ነው የሚያወራው፤ ኋላ ወንበር ያሉት ግማሹን አይሰሙም። ትንሽ ማይክ ግዛ ብለነዋል፤ እስካሁን አልገዛም። ስለዚህ ታሪክ ወዳጆች ከፊት ተቀመጡ፤ እንቅልፍ ወዳጆች ኋላ።

ወንድሞቻችን፣ እግዜር ይስጥልን፤ ክበሩልን። እንግዶቻችንን በሰላም አድርሳችሁ በሰላም መልሳችኋል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ እነሱን ጠይቀን እንሰጣችኋለን። ስትደውሉ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ከመሐላችሁ ጉልበቱን የሚያመው ካለ፣ ጿሚውን ከፍስኩ ለይታችሁ ንገሯቸው። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚያዝ በሳምንቱ መካከል ብትሄዱ ይሻላል። ለጥምቀት የምትመጡ ደግሞ መኪናውን በኅዳር ያዙ፤ ፏፏቴውን ግን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።