የአንድ የግል መዝናኛ ግድብ ግምገማ፦ ውኃው ያምራል፣ ማስተንፈሻው ግን ተደፍኗል

ይህ ግምገማ ባለቤቱ ለመዝናኛነት የሚያከራየውን አንድ አነስተኛ የአፈር ግድብ ይመለከታል። የተጠራቀመው ውኃ ለጀልባ ቀዘፋ፣ ለዋናና ለዓሣ ማስገር ያገለግላል፤ ከግድቡ ግርጌ ደግሞ እንግዶች የሚያድሩባቸው ጎጆዎች ተሠርተዋል። በመስተንግዶው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጀልባዎቹ በሚገባ የተያዙ ናቸው፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለሁሉም ይዳረሳል፣ ሠራተኞቹም ሰው አክባሪዎች ናቸው። እጅግ ያሳሰበኝ ያን ሁሉ ውኃ ደግፎ የያዘው ግድብ ያለበት ሁኔታ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናልና፣ ትንሽ የሚመስል ኩሬ እንኳ ቢለቀቅ ከሥሩ ያለውን ጎጆ ከነእንግዳው ጠርጎ ለመውሰድ አያንስም።

ዋናው ችግር ያለው በጎርፍ ማስተንፈሻው ላይ ነው። የአፈር ግድብ ውኃ በአናቱ ላይ እንዲፈስበት ተደርጎ አይሠራም፤ በማስተንፈሻው በኩል መውጫ ያጣ ጎርፍ አናቱን ከተሻገረ የታችኛውን ተዳፋት እየሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ግድቡን ሊንደው ይችላል። እዚህ ግን ዓሣው እንዳያመልጥ በሚል በማስተንፈሻው አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ መረብ ተወጥሯል። ቀርቤ ስመለከተው ቅጠል፣ ጭራሮና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተደራርበውበት ከግማሽ በላይ ደፍነውታል፤ ከታች በኩል ደለሉ ላይ የበቀለው ሣርም ሥሩን ከሽቦው ጋር አጠላልፎታል። እንዲህ ያለው ሣር በአንድ ሳምንት ቸልተኝነት የሚበቅል አይደለም። ዝናብ ሲበረታ ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ግንድና ቆሻሻ የቀረውን ክፍት ቦታ እንደሚዘጋው ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ነገሩን አጋንኜው እንዳይመስል፣ ተመሳሳይ ስህተት ያስከተለውን አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ የአንድ የዓሣ ማስገርና የአደን ክበብ ንብረት ነበር። ክበቡ ዓሣውን ለማስቀረት ማስተንፈሻውን በወንፊት ከልሎት ነበር፤ የግድቡን አናት ሠረገሎች እንዲተላለፉበት ሲል ዝቅ አድርጎታል፤ ቀደም ሲል ተነቅለው የተወሰዱትንም የውኃ ማስወጫ ቧንቧዎች አልተካም። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር መጨረሻ 1889 ከባድ ዝናብ ጣለና ውኃው አናቱን ተሻግሮ ግድቡን ደረመሰው፤ ከታች የነበረችው የጆንስታውን ከተማ ወደመች፣ ከ2,200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። በዚያ ግድብ ላይ ዓሣ ያሰግሩ የነበሩት ለመዝናናት የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያለቁት ግን በአብዛኛው ሐይቁን ረግጠውት የማያውቁ ናቸው።

የታችኛው ማስወጫ ቧንቧም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። የቫልቩ መዘውር ዝጓል። ተቆጣጣሪውን እንዲያዞሩልኝ በትሕትና ብጠይቃቸው፣ እርሳቸው ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ተከፍቶ እንደማያውቅ በግልጽ ነገሩኝ፤ ለእውነተኛነታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ግድቡ ላይ ስንጥቅ ቢታይ ወይም ውኃው ከልክ በላይ ቢሞላ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ለመቀነስ የሚያስችለው ብቸኛ መንገድ ይህ ቫልቭ ነው። ቀስ በቀስ ማለቴም በምክንያት ነው፤ ውኃው በድንገት ዝቅ ካለ በውኃ የራሰው የላይኛው ተዳፋት ድጋፉን ያጣና ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ቫልቩ መጠገን ብቻ ሳይሆን አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰውም ሊመደብለት ይገባል።

በታችኛው ተዳፋት ላይ ትልልቅ ዛፎች በቅለዋል። ለጥላ ይመቻሉ፤ ሥሮቻቸው ግን ወደ ግድቡ አካል ዘልቀው ይገባሉ፣ ዛፉ ሲሞትና ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ለውኃ መሹለኪያ ትተው ይቀራሉ። ከአንዱ ዛፍ በታች መሬቱ ረግረግ ብሎ ቀጭን ውኃ ሲወርድ አይቻለሁ። በጠርሙስ ቀድቼ ለጥቂት ጊዜ ባስቀምጠው ጭቃ አልዘቀጠበትም፤ ይህ ደግ ምልክት ነው፣ የሚያስፈራው አፈር እየበላ የሚወጣ ድፍርስ ውኃ ነውና። ሆኖም ስርገቱ፣ ማለትም በግድቡ አካል ውስጥ ሰርጎ የሚወጣው ውኃ፣ ከአንዱ ወር ወደ ሌላው መጨመሩን የሚለካ፣ ቢደፈርስም የሚያስተውል ሰው የለም። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት 12 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው የኬሊ ባርንስ የአፈር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1977 ሌሊት ላይ ሲደረመስ፣ ከሥሩ በነበረው ኮሌጅ ግቢ የተኙ ሰዎች ለመሸሽ ጊዜ አላገኙም፤ 39 ሰዎች ሞተዋል። የጎጆዎቹ አቀማመጥ ያስጨነቀኝ በዚህ ምክንያት ነው።

መልካም ጎኑን ለመካድ አልፈልግም፤ በውኃው በኩል ያለው የድንጋይ ድርድር ሳይዛባ ቆይቷል፣ አናቱም አልሰመጠም።

በደረቅ ወቅት ለማደር ሳይሆን ቀን ላይ ሄዶ ጀልባ መቅዘፍ ለሚፈልግ ሰው ቦታውን አልከለክልም፤ ከማስወጫው ቧንቧ አፍ አጠገብ ግን ማንም ባይዋኝ ይሻላል፤ ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ሰውን ስቦ ሊያስቀር ይችላልና። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት በግርጌው ጎጆዎች ማደርን ግን ለማንም አልመክርም። ባለቤቱ መረቡን ዛሬውኑ ማንሳት ይችላሉ፤ ሠራተኛና ግማሽ ቀን ይበቃል። ዛፎቹን ግን በራሳቸው ውሳኔ ከነሥራቸው እንዳያስነቅሉ አደራ እላለሁ፤ የሚቀረው ጉድጓድ ከዛፉ የባሰ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ የግድብ ባለሙያ ስርገቱንና ተዳፋቱን መርምሮ የሥራውን ቅደም ተከተል ሊወስን ይገባል። ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስም ጎጆዎቹ ተዘግተው ቢቆዩ፣ የውኃውም ከፍታ ዝቅ ብሎ ቢያዝ እጠይቃለሁ።