ለዌል ሻርክ የቱ ይሻላል፦ የፕሮፔለር መከላከያ ወይስ የፍጥነት ገደብ?

ጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌር አጎቴ ኮምቦልቻ ቡና ስንጠጣ ፎቶ አሳየን፤ ጀርባው በጀልባ ፕሮፔለር፣ ማለትም ጀልባውን በሚገፋው ተሽከርካሪ ስለት፣ የተተለተለ ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ። በጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ቱሪስት የሚጎርፍላቸው እነዚህ ዓሦች ፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) ሲበሉ ከውሃው ገጽ ብዙም አይርቁም።

መከላከያው፦ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ነዳጅም ይበላል። ስለቱን ይሸፍናል፤ ግጭቱን ግን አያስቀርም። ከ12 ሜትር በላይ የሚያድገውን ዓሣ እንኳ የሚከንፍ ጀልባ ክፉኛ ይጎዳዋል።

የፍጥነት ገደብ፦ ወጪው ጥቂት ደቂቃ። ነጂው ለማየት፣ ዓሣው ለመጥለቅ ፋታ ያገኛሉ። ተቆጣጣሪ ከሌለ ግን ማን ያከብረዋል? «የሐረጎን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ የምወርደው ትራፊክ ፈርቼ መሰለህ? ገደሉ ስለሚታየኝ ነው» አለ አጎቴ። ባሕር ላይ ገደል የለም።

ጠባቂ ባለበት፣ ዓሦቹ በሚሰበሰቡበት ቦታ ገደቡ ይበልጣል። ዋናተኛ እያወረዱ እዚያው ለሚዞሩ ትናንሽ ጀልባዎች መከላከያውም ይጨመር።